የሰፈሩ ውሾች ሁሉ እከክ ይዟቸዋል፣ የኔዋስ?

ጥያቄ፦
ሰላም ቤተሰብ። ኮልፌ ነው የምኖረው። የሰፈራችን ውሻ ግማሹ ጀርባው ተመልጦ ሲታከክ ይውላል። አሁን ደግሞ ቡችላዬ የጆሮዋ ጠርዝ ቅርፊት ይዟል፤ ሌሊቱን ስታክ ታድራለች። በአጥራችን ቀዳዳ እየሾለከች ከነሱ ጋር ትላፋለች፣ ምን ላድርግ? ጎረቤቴ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቢያት አለችኝ። የሞከረ አለ?

መልስ 1፦
እህቴ፣ ዘይቱን እንዳታስቢው! ስትልሰው ትመረዛለች። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የጆሮዋን ጫፍ በጣትሽ አሸት አሸት አድርጊው። የኋላ እግሯ ለማከክ ከተወራጨ ተላላፊው እከክ ሳይሆን አይቀርም። በንክኪ ነው የሚዛመተው፤ ውሾች ተጠጋግተው በሚተኙበት ሰፈር ይበዛል። ሌላ ዓይነትም አለ፤ እሱን የምታመጣው ጥቃቅን ተባይ ቡችሎች ገና ሲጠቡ ከእናታቸው ትተላለፋለች። ጤነኛ ውሻ ላይም አለች፣ ረሃብ ወይም የሆድ ትል ሲያዳክመው ግን ትነሳለች። ክሊኒክ ቆዳዋን በምላጭ ፋቅ አድርገው በማይክሮስኮፕ ይዩላት። ተላላፊው ግን አንዳንዴ በምርመራው ላይ አይገኝም፤ ሐኪሙ በምልክቱ ብቻ ሊያክማት ይችላል።

መልስ 2፦
ቤት ውስጥ ሌላ ውሻ ካለ አብሮ ይታከም፣ ባይታከክም እንኳ። የምትተኛበትንም ጨርቅ በፈላ ውሃ እጠቢ። የኛ ውሻ ሲይዘው እኔንም ክንዴን ሲበላኝ ከርሟል።

ጠያቂዋ፦
ኧረ አሸሁት፣ እግሯ ወዲያው ተወራጨ! ነገ ክሊኒክ ነን። ቀዳዳውንም ወንድሜ በቆርቆሮ እየደፈነው ነው። ዶክተር፣ እስከዚያ ልጆቹ ባያቅፏት ይሻላል አይደል?

መልስ 1፦
አዎ፣ ይታገሱ።