«ማሽን አያዳላም» ስለተባለው

የጉለሌ ልጅ፦ ዛሬ ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ «የሴፍቲኔት ምልመላ በኤአይ ቢሆን ጭቅጭቁ ይቀራል፤ ማሽን አያዳላም» አሉ። ተጨበጨበ። እኔ እስካሁን ንዴቴ አልበረደም። ስሙ የተዘለለ ችግረኛ ማንን ይጠይቅ?

ኮድ ጸሐፊው፦ ምኑ ያናድዳል? ቶጎ በኮቪድ ጊዜ፣ በ2020 እ.ኤ.አ.፣ «ኖቪሲ» በተባለው የገንዘብ ድጋፍ ፕሮግራሟ አድርጋዋለች። ድሃውን አካባቢ በሳተላይት ምስል፣ ድሃውን ሰው በስልክ አጠቃቀሙ ለዩ። ገንዘቡም በስልክ ገባ፤ ደጅ የጠና የለም። የቀበሌ ኮሚቴ የአክስቱን ልጅ ሲመዘግብ የት ነበራችሁ?

የወሎዋ፦ «በስልክ አጠቃቀሙ»? እኛ ጋ ሲሙ በባል ስም ነው። ባሏ ጥሏት የሄደችዋ ድህነቷ በየትኛው ስልክ ይታወቃል?

ኮድ ጸሐፊው፦ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ በ2022 ስለ ኖቪሲ የወጣውን ጥናት አንብቡ። በአካባቢ ብቻ ከመለየት ይልቅ፣ እየተገባው የሚቀረውን ሰው ከ4 እስከ 21 በመቶ ቀንሷል።

የጉለሌ ልጅ፦ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ለምን ዘለልከው? የተሟላ የማኅበራዊ መዝገብ፣ ማለትም የየቤተሰቡ ኑሮ የተመዘገበበት ሰነድ፣ ካለበት አሠራር ጋር ሲተያይ ይኸው ስህተት ከ9 እስከ 35 በመቶ ይጨምራል ይላል። ቶጎ መዝገቡ አልነበራትም።

ኮድ ጸሐፊው፦ እኛስ አለን?

ጡረተኛው መምህር፦ በ1997 ሴፍቲኔት ሲጀመር ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። አዳልተናል፣ አልክድም። ግን ስሙ ሕዝብ ፊት ይነበብ ነበር። አንዲት እናት ተነሥታ «እሱ ጥማድ በሬ አለው፤ እኔ ዶሮ እንኳ የለኝም» ብላ ስሙን አሰረዘች። ማሽኑን ማን ተነሥቶ ይሞግተዋል?

ኮድ ጸሐፊው፦ ጋሼ፣ «አዳልተናል» ካሉ እኮ የእኔን ነገሩልኝ። ያቺ እናት ባትደፍርስ ኖሮ?

ጡረተኛው መምህር፦ ደፈረች እኮ፣ ልጄ።

ከሮተርዳም፦ እዚህ ሆላንድ የልጆች መዋያ ድጎማ ላይ አጭበርባሪ ለመለየት የተሠራው ፕሮግራም ዜግነትን እንደ ስጋት ይቆጥር ነበር። ያልበደሉ ወላጆች ዕዳ ተቆለለባቸው። በጥር 2021 መንግሥት ሥልጣን ለቀቀ። አያዳላም አትበሉ።

ኮድ ጸሐፊው፦ ያ ሌባ ለመያዝ ነው፤ ይሄ ለመስጠት። አውሮፓ ተቀምጦ ወሎን ማስፈራራት ደግ አይደለም።

ከሮተርዳም፦ እናቴ አሁንም እዚያው ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ናት። በየወሩ የምልክላትን ማሽኑ እንደ ሀብት ይቆጥርባት ይሆን? ይኼም ያገባኛል።

የወሎዋ፦ ሐይቅም ሆላንድም ይቆይ። የሲሙን ጥያቄ የመለሰልኝ የለም።