«ካልፈረመች ምን ልትካፈል?»

የካዛንቺሷ፦ ትናንት የፒያሳው ጋሼ «ካልፈረመች ምን ልትካፈል? ይሄ ጋብቻ ሳይፈራረሙ ሦስት ዓመት አብረው የኖሩ ያፈሩትን ይካፈሉ የሚለው አንቀጽ ከቤተሰብ ሕጉ ይውጣ» ብለው ጻፉ። ስንቱ አጨበጨበላቸው! እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጎረቤቴ ሳይፈራረሙ ከአንድ ሰው ጋር 11 ዓመት ኖረች። እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ቤቱን ያሠራችው እሷ ናት። ሲሞት ሳልስቱ እንኳ ሳይወጣ ወንድሞቹ ቁልፍ ቀየሩባት። አንቀጹ ባይኖር ዛሬ የት ትወድቅ ነበር?

የፒያሳው፦ እህቴ፣ ለጎረቤትሽ አዝናለሁ። ግን 11 ዓመት ሙሉ መፈረም ምን ከለከላቸው? በዚህ ዓይነት አንድ ቀን ያደረች ሁሉ ነገ ግማሽ ቤት ትላለች።

የሕግ ተማሪ፦ ጋሼ፣ አንድ ቀን ያደረች አትልም። የቤተሰብ ሕጉን፣ አዋጅ 213/1992ን ይዩት። እንደ ባልና ሚስት መኖር አለባቸው። ግንኙነቱ ቢደጋገም፣ ሰፈር ሁሉ ቢያውቀው እንኳ ያ ብቻውን አይበቃም። አንቀጽ 102 ደግሞ ከሦስት ዓመት ያላነሰ ይላል። የሚካፈሉትም አብረው ሳሉ ያፈሩትን ነው።

የፒያሳው፦ አንቀጹን አንብቤዋለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ካልፈረመች?

የድሬ ልጅ፦ ሁሌ «ካልፈረመች»! እሱስ ፈርሟል? ሁለቱም አልፈረሙም። ባዶ እጇን የምትወጣው ለምን እሷ ብቻ ትሆናለች?

እናት ዓለም፦ ተባረክ! «ሰርግ ደግሰን እንፈርማለን» እየተባለች ሁለት ሦስት ልጅ የወለደች ስንት አለች። እምቢ ያለው እሱ፣ የምትቀጣው እሷ።

ሰንበቴ፦ እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ቁርባንም ሰማንያም ሳይኖር መኖርን ሕግ ሲያቅፈው ልጆቻችን ምን ይማራሉ?

የካዛንቺሷ፦ ሕጉ አብራችሁ ኑሩ አላለም። ኖረው ሲለያዩ ማን ምን ይዞ ይውጣ ነው ያለው። ንስሐው ከአባቶች ጋር ያልቃል። ቆርቆሮው ግን የሁለቱም ነው።

እናት ዓለም፦ የእኔ ወላጆችም ወረቀት የላቸውም። ሽማግሌ ፊት ነው የተጋቡት።

የፒያሳው፦ እሱማ የባህል ጋብቻ ነው፣ ሕጉም ያውቀዋል። አታምታቺ።

የድሬ ልጅ፦ ሽማግሌዎቹ ሞተው ምስክር ሲጠፋስ? ያኔ ለእናቷ የሚቀርላት ይሄው አንቀጽ ነው።

የሕግ ተማሪ፦ የድሮውንም አንርሳ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ያለውን ኑሮ ያውቀው ነበር፤ የጋራ ሀብት ግን የለውም ይል ነበር። ሴቲቱ 20 ዓመት ለፍታ ነጠላዋን ይዛ ትወጣ ነበር። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የቤተሰብ ሕጉ ይለወጥ ብሎ የጮኸው በከንቱ አይደለም። ወደዚያ እንመለስ ነው የሚሉን?

የፒያሳው፦ የሐሰት ምስክር ገዝታ የምትመጣውንስ ምን ታደርጓታላችሁ? የሟች ልጆች ቤት ሲያጡ አይቻለሁ።

የካዛንቺሷ፦ ሐሰተኛውን ምስክር ቅጡት! እውነተኛዋን ግን አታስወጡብን። ጎረቤቴ የእድር መዝገብ ነበራት። ባልና ሚስት ተብለው ነው የተጻፉት።

የፒያሳው፦ የእድር መዝገብ የጋብቻ ወረቀት አይደለም።

የካዛንቺሷ፦ አይደለም። ግን ሬሳውን ያነሣው ያ እድር ነው። ድንኳን ውስጥ ሚስት ተብላ የተቀመጠችውም እሷ ናት። ወንድሞቹም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ያሉት እሷን ነው፣ ቁልፉን ከመቀየራቸው በፊት።

ሰንበቴ፦ ይሄስ ግፍ ነው። እኔ ግን አሁንም ለልጆቹ እፈራለሁ።

የፒያሳው፦ ለቁልፉ ወንድሞቹ ይጠየቁ። እኔ አሁንም ካልፈረመች እላለሁ።

የድሬ ልጅ፦ ካልፈረሙ ይበሉ፣ ጋሼ።