«ኒ ፓ ካርማኑ» እና ሌሎች የሩሲያኛ የዋጋ አባባሎች

ጥያቄ፦ «አቅሜ አይፈቅድም» ለማለት በሩሲያኛ «ኒ ፓ ካርማኑ» እና «ኒ ማጉ ሲቤ ፓዝቮሊት» የሚሉ ሁለት አባባሎች አጋጥመውኛል። ዕቃ ስገዛ የትኛውን ብናገር እንደሚሻል ብታብራሩልኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ክብደታቸው ግን ይለያያል። «ካርማን» ኪስ ማለት ስለሆነ «ምኜ ኤታ ኒ ፓ ካርማኑ» ያለ ሰው ዕቃው ለኪሱ እንደማይመጥን መናገሩ ነው፤ ለዕለት ግዢም ሆነ ለትልቅ ዕቃ ያገለግላል። ሁለተኛው በቀጥታ ሲፈታ «ለራሴ ልፈቅድ አልችልም» ይሆናል። በእኛ አነጋገር የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው አቅም ሲሆን በሩሲያኛ ግን ለራሱ የሚፈቅደው ሰውየው ነው፤ በዚህም ምክንያት አባባሉ ከገንዘብ አልፎ ዕረፍት ለመውሰድ ወይም ለማርፈድ እንደማይቻል ለመግለጽም ይውላል። ለመኪና ወይም ለቤት ይስማማል፤ ለአንድ ኪሎ ቲማቲም ግን እጅግ የከበደ ይመስለኛል።

ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ቆመው ሒሳቡ ቢጎድልብዎ ከሁለቱም የሚሻለው «ምኜ ኒ ኽቫታዬት ስታ ሩብሌይ» ማለትም «መቶ ሩብል ጎደለኝ» ነው። ጎደለበት የተባለው ሰው በአማርኛው በግሱ መጨረሻ እንደሚመጣ ሁሉ በሩሲያኛም «ምኜ» (ለእኔ) በሚለው ይገለጻል። ልዩነቱ በእኛ መቶው ሩብል የግሱ ባለቤት መሆኑ፣ በእነርሱ ግን ግሱ ባለቤት የሌለው ሆኖ ገንዘቡ በአገናዛቢ ሙያ («የመቶ ሩብል» እንደ ማለት) መነገሩ ነው፤ «ስቶ» ወደ «ስታ» የተለወጠው በዚህ ምክንያት ነው።

«ዳራጎይ» እንደ እኛ «ውድ» ለተወደደ ሰውም ዋጋው ለናረ ዕቃም ይነገራል። ይሁን እንጂ «በውድ ዋጋ ገዛሁት» ማለት የለመደ ሰው «ዳራጋያ ፄና» እንዳይል ይጠንቀቅ፤ ጥንቁቅ ሩሲያኛ ዕቃውን ውድ፣ ዋጋውን ደግሞ ከፍተኛ («ቪሶካያ») ይላል።

«ዋጋው አይቀመስም» ለሚለው የሚቀርበው «ፄኒ ኩሳዩትሳ» ነው፤ ዋጋዎቹ ይናከሳሉ ማለት ነው። ይህ ግን ከወዳጅ ጋር የሚባል ነው፤ ሻጩን ለማነጋገር «አ ፓዲሼቭሌ ዬስት?» ብሎ ረከስ ያለ እንዳለ መጠየቅ ይበልጣል፤ ቃሉ ሲጀምር ያለው «ፓ» ልክ እንደ እኛ «ረከስ ያለ» ጥያቄውን ያለዝበዋል፤ አለመቻልንም መናገር ሳያስፈልግ ሻጩ ሌላ ዕቃ ያወጣል።