ከሱቅ እስከ ጓሮ 62 ሜትር የኔትወርክ ገመድ፦ ካት 5ኢ ልግዛ፣ ካት 6 ወይስ ካት 8?

የሳቢያኗ
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የሕትመት ሱቅ አለችኝ። ራውተሩ ሱቁ ውስጥ ነው። ዲዛይን የሚሠራው ልጅና ትልቁ ፕሪንተር ደግሞ ጓሮ ያለው ክፍል ውስጥ ናቸው። በሜትር ለካሁት፤ በቆርቆሮው ጠርዝ ዞሮ 62 ሜትር ይመጣል።

አምና አንድ ልጅ የኔትወርክ ገመድ ዘርግቶልኝ ነበር። ዓመት እንኳ አልሞላውም። ባለፈው ሳምንት መሰላል ላይ ወጥቼ ስነካው ልባሱ እንደ ድርቆሽ እጄ ላይ ተፈረፈረ። ኮምፒውተሩም ፍጥነቱን 100 ሜጋ ብቻ ነው የሚያሳየው። ስዊቹ (ገመዶቹን የሚያገናኘው ሳጥን) ላይ ግን ጊጋቢት፣ ማለትም 1,000 ሜጋ፣ ተብሎ ተጽፏል። አንድ የባነር ፋይል ከሱቅ ጓሮ እስኪደርስ ደንበኛው ቡናውን ጠጥቶ ይጨርሳል።

እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ሄጄ ጠየቅኩ። ካት የሚሉት የገመዱን ደረጃ ነው። አንዱ ካት 5ኢ ይበቃሻል አለኝ። ሌላው ካት 6 አለ። ሦስተኛው ካት 8 ካልሆነ አትግዢ አለኝ። ዋጋቸው የትና የት! ደግሞ ስዊች ከስዊች ሲገናኝ ክሮስ የሚባለው፣ የሁለቱ ጫፍ ሽቦዎች ቦታ የተቀያየረበት ገመድ የግድ ነው? ኮሌጅ እንደዚያ ነበር የተማርነው።

ፈጣኑ
ካት 8 ግዢና ተገላገይ። አንዴ ከተከፈለ ትልቁን ነው።

ገመድ ጎታች
አቦ ካት 8ን ተዪው! እሱ ለዳታ ሴንተር፣ ብዙ ሰርቨር አንድ ላይ ለሚቀመጥበት ክፍል የተሠራ ነው። ያ የሚወራለት 40 ጊጋ 30 ሜትር ድረስ ብቻ ነው። ያንቺ 62 ነው። ወፍራም ነው፣ ማዕዘን ላይ አልታጠፍ ይላል፣ አርጄ 45ቱን (ጫፉ ላይ ያለውን መሰኪያ) መግጠም ራሱ ፈተና ነው። ደግሞ ልባሱ ላይ ካት 8 የተባለ ሁሉ ካት 8 አይደለም።

ካት 5ኢም ካት 6ም 1 ጊጋን 100 ሜትር ያደርሳሉ። ካት 6 የሚበልጠው 10 ጊጋ ላይ ነው፤ እሱም 55 ሜትር ግድም ላይ ያበቃለታል። 10 ጊጋን 100 ሜትር የሚወስደው ካት 6ኤ ነው። ያንቺ ስዊች 1 ጊጋ ስለሆነ እኔ ብሆን ካት 6 ገዝቼ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

ሰው ቁጥሩን ሲከራከር የሚረሳው ሽቦውን ነው። መዳብ ነው ወይስ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም? እኔ ይሄን የተማርኩት በውርደት ነው። ከዚራ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ካሜራ ገጠምኩ። ኃይሉም ምስሉም በዚያው በኔትወርክ ገመዱ ነው የሚሄደው። ገመዱን ባለቤቱ በርካሽ ገዝተው አመጡ፤ እኔም ዝም አልኩ። ቀን ቀን ሁሉም ይሠራል። አመሻሽ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መጨረሻ ያለው ካሜራ ይጠፋል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። ካሜራ ቀየርኩ፣ ስዊች ቀየርኩ፣ በሦስተኛው ቀን ሰውየው ስልኬን ማንሳት አቆሙ። ነገሩ ለካ ሲጨልም የካሜራው የሌሊት መብራት ይበራል፣ የሚስበው ኃይልም ይጨምራል። አሉሚኒየሙ ኃይሉን መንገድ ላይ ይበላዋል። ቀን የሚበቃው ማታ አነሰው። ገመዱን ነቅዬ መዳብ ስዘረጋ ችግሩ በዚያው ሌሊት ጠፋ። ጉልበቴን አላስከፈልኩም፤ በምን አፌ?

ስለዚህ ምላጭ ይዘሽ ሂጂ። ጫፉን አስቆርጪና አንዷን ሽቦ ፋቅ ፋቅ አድርጊያት። ውስጧ እንደ ብር ከነጣ አሉሚኒየም ናት። ቀይ ሆና ከቀጠለች መዳብ ናት። ሻጩ አላስቆርጥም ካለሽ ሌላ ሱቅ ግቢ።

ሌላው ልባሱ ነው። ያ ልጅ የዘረጋልሽ የቤት ውስጥ ገመድ ነው፤ የድሬን ፀሐይ አይችልም። ለውጭ የሚሆን፣ ጥቁር ፖሊኢትሊን ልባስ ያለው ብለሽ ጠይቂ። ካጣሽ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፊው። ቆርቆሮውንም እንዲነካ አታድርጊ። ሙቀት ራሱ ርቀት ይቀንሳል። ግድግዳ ውስጥ 90 ሜትር የተፈቀደለት ገመድ (ከ100ው የቀረው ለጫፍና ጫፍ ማገናኛ ገመዶች ነው) 60 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 75 ሜትር ይወርዳል። የግንቦት ቆርቆሮ ደግሞ እንቁላል ይጠብሳል። 62 ሜትርሽ አሁንም ያልፋል፤ 85 ብትዪኝ ግን አስብበት ነበር።

100 ሜጋ የሆነበት ምክንያት ምናልባት አንዷ ሽቦ ተበጥሳ ነው። ጊጋ ስምንቱንም ሽቦ ይፈልጋል። 100 ሜጋ ግን በአራቱ ይሠራል፤ መሰኪያው ላይ 1፣ 2፣ 3 እና 6 ቁጥር ባላቸው ብቻ። ከሌሎቹ አራት አንዷ ስትጎድል ምንም ሳይነግርሽ ይወርዳል።

ክሮሱን እርሺው። የዛሬ ስዊቾች ራሳቸው ያስተካክሉታል። ሁለቱንም ጫፍ በአንድ ዓይነት የቀለም ቅደም ተከተል አስገጥሚ።

ከጀጎል በር
እኔ ሐረር ነኝ። ሺልድ (ሽቦዎቹን የሚሸፍን የብረት ልባስ) ያለውን እንዳያስገዙሽ። ከመሬት ጋር ካልተያያዘ ጥቅም የለውም፤ በአግባቡ የሚያያይዘው ደግሞ ጥቂት ነው። አንድ ጥያቄ፦ ጓሮውና ሱቁ የመብራት ቆጣሪያቸው አንድ ነው? የተለያየ ከሆነ በመዳብ አታገናኚያቸው፤ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈው፣ በብርሃን የሚሠራው ፋይበር ይሻላል። ክረምት ላይ መብረቅ ሲመጣ እኔ ሁለት ስዊች በአንድ ሌሊት አጥቻለሁ።

የሳቢያኗ
ቆጣሪው አንድ ነው፣ ተመስገን።

ዛሬ ምላጬን ይዤ ታይዋን ወረድኩ። የመጀመሪያው ሻጭ ምላጩን ሲያይ ተቆጣ። ሁለተኛው "ኦርጅናል ነው ስልሽ" እያለ እጄን ያዘ። ሦስተኛው ግን ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ ፍቆ አሳየኝ፤ ቀይ ነው። ትንሽ ትርፍ እንዲኖረኝ ብዬ ጥቁሩን ካት 6 70 ሜትር ገዛሁ። ፀሐይ ሳይወጣ በቱቦ ዘረጋነው። አሁን 1.0 ጊጋ ይላል፣ ደንበኞቼም ቡናቸውን መጠጫ ጊዜ አጡ።

አሮጌውን ስንነቅል ጥላ ሥር የነበረው 20 ሜትር ደህና ነበር። ፋቅኩት። ነጭ! እናቴ ልብስ ማስጫ አድርጋዋለች።

ገመድ ጎታች
እርጥብ ብርድ ልብስ እንዳይሰጣበት ንገሪልኝ፤ እሱንም አይችልም።