አሮጌ ላፕቶፕ፣ ማይክሮቲክ ወይስ ዴስክቶፕ? ለቤት ራውተር ከደብረ ማርቆስ የተሰጠ ጥቆማ

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች ተመሳሳይ ነገር ጠየቁኝ። «እቤትህ ያለው ሰርቨር ራውተርም ነው አሉ፤ እኛስ ምን እንግዛ?» ራውተር ማለት ኢንተርኔቱን ለቤቱ ሰዎች የሚያካፍለው ማሽን ነው፤ ማይክሮቲክ ደግሞ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የራውተር ዓይነት። ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የምለውም የኛን መብራት፣ የኛን መስመርና የኛን ክረምት አይቼ ነው። ደጀን፣ ሞጣ ወይም ፍኖተ ሰላም ላላችሁም ብዙ አይርቅም።

ቤታችሁ ሁለት ስልክና አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ካለ ግን ይሄን ተዉትና ቡናችሁን ጠጡ። ከመስመሩ ጋር የመጣው ዋይፋይ ይበቃችኋል። እኔን ያስገደዱኝ ተከራዮች ናቸው። ግቢያችን ውስጥ አራት ክፍል ተከራይቷል፤ ሦስቱ ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ናቸው። ኢንተርኔቱን በጋራ ነው የምንከፍለው። አንዱ ፊልም ማውረድ ሲጀምር የሌላው ቪዲዮ ጥሪ ይቆራረጣል። ክሱ ደግሞ የሚቀርበው ለእናቴ ነው። «አንተ ነህ ያስገባኸው፣ አንተው ገላግለን» አለችኝ።

መጀመሪያ የገዛሁት ያገለገለ ዴስክቶፕ ነበር። ተሸወድኩ። ሻጩ «ይሄማ ዋና ሰርቨር ነው» አለኝ፤ እኔም አመንኩት። ቤት አምጥቼ ስለካው ሥራ ፈቶ ቁጭ ብሎ 60 ዋት ይበላል። ቀንና ሌሊት ሲበራ በወር 43 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ፍጆታ ሲጨምር የታሪፉ እርከንም ከፍ ስለሚል ነገሩ ቀልድ አይደለም። ደግሞ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ይጠፋል። ሲመለስም ሄጄ ካልነካሁት አይነሣም። ይሄኛው እንኳ መፍትሔ አለው፦ ባዮስ (ማሽኑ ገና ሲነሣ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ገብታችሁ መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሣ ማዘዝ ትችላላችሁ።

አሁን የምጠቀመው እህቴ የጣለችውን ላፕቶፕ ነው። ስክሪኑ ተሰንጥቋል፤ ራውተር ስክሪን ምን ያደርግለታል? ስክሪኑ ጠፍቶ 12 ዋት አካባቢ ነው የሚወስደው። በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ከሁሉ የወደድኩለት ግን ባትሪውን ነው። ዩፒኤሱን፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ የሚያቆየውን ባትሪ፣ ይዞ ነው የተወለደው። መብራት ሲሄድ ከመስመሩ ጋር የመጣውን ሞደምም በትንሽ ባለ 12 ቮልት ዩፒኤስ ካቆማችሁት ቤቱ ጨልሞም ኢንተርኔቱ ይቀጥላል። አንድ ማሳሰቢያ፦ አሮጌ ባትሪ ያብጣል። የላፕቶፑ ሆድ ተነፍቶ ካያችሁት ባትሪውን ቶሎ አውጡት።

የላፕቶፕ ችግሩ የኔትወርክ ቀዳዳው አንድ መሆኑ ነው። ራውተር ደግሞ ሁለት ይፈልጋል፤ አንዱ ወደ ሞደሙ፣ ሌላው ወደ ቤት። የጎደለውን በዩኤስቢ የኔትወርክ አዳፕተር ሞላሁት። ሰማያዊው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ላይ ሰኩት። ስትገዙ ውስጡ ያለው ቺፕ ሪልቴክ 8153 መሆኑን ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ እዩ። ርካሾቹ ከ100 ሜጋቢት አያልፉም፤ ብዙዎቻችን የምንከፍለው መስመር ከዚያ በታች ስለሆነ ግን እነሱም ያገለግላሉ። ሻጩ «ጊጋቢት ካልሆነ» እያለ ቢያስጨንቃችሁ አትስሙት።

ላፕቶፑን ራውተር ከሚያደርጉት ሶፍትዌሮች ኦፕን ደብሊውአርቲን ነው የምመርጠው። ፒኤፍሴንስና ኦፒኤንሴንስም ጥሩ ናቸው፤ ግን የተሠሩት ፍሪቢኤስዲ በሚባል ሲስተም ላይ ነው። እሱ ከሪልቴክ ካርድ ጋር ብዙም አይስማማም፣ ከዩኤስቢ አዳፕተር ጋርማ ጭራሽ። እኛ አገር ያገለገለ ማሽን ላይ የምታገኙት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሪልቴክ ነው። ኦፕን ደብሊውአርቲን ስታወርዱ ስኳሽኤፍኤስ የሚለውን ፋይል ምረጡ። ዋናው ሲስተም የማይጻፍበት ስለሆነ መብራት ድንገት ቢሄድም አይበላሽም። የዩኤስቢ አዳፕተሩን ድራይቨር (የሚያሠራውን ፕሮግራም) ቀድማችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። እኔ ረስቼው ኢንተርኔት ለማስነሣት ኢንተርኔት ፍለጋ ጎረቤት ሄጃለሁ።

የተከራዮቹን ጠብ ያበረደው ኤስኪውኤም የሚባለው የኦፕን ደብሊውአርቲ ክፍል ነው። ውስጡ ያለው ዘዴ ስሙ ኬክ ነው፤ ለኛ ድፎ ዳቦ ቢባል ይሻል ነበር፣ ሥራው ቆርሶ ማካፈል ነውና። መጀመሪያ ፍጥነታችሁን ለኩ። ከለካችሁት 90 በመቶውን ገደማ ሙሉለት። 10 ሜጋቢት ካገኛችሁ 9 በሉት። ያኔ ወረፋው የሚያዘው ሞደሙ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ እናንተ ማሽን ላይ ይሆናል፤ ፊልም አውራጁም ጥሪ ላይ ያለውን አይረግጠውም። ክፍፍሉ በሰው ልክ እንዲሆን በላቁ አማራጮች ውስጥ «ናት» (nat) የሚለውን ቃል ጨምሩ። ካልጨመራችሁት ሁላችሁንም እንደ አንድ ሰው ነው የሚያያችሁ።

አሁን ስለ መስመሩ። የቤት ብሮድባንድ የሚገናኘው ፒፒፒኦኢ በሚባለው ነው። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል አለው። እኔ ይሄን ሳልጽፍ ሞደሙን ሪሴት አድርጌ አራት ቀን ያለ ኢንተርኔት ከርሜአለሁ። ማንንም አልከስም፣ ጥፋቱ የጣቴ ነው። መታወቂያና የአገልግሎት ቁጥራችሁን ይዛችሁ መስመሩን ወደ ሰጣችሁ ቢሮ ሄዳችሁ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ጠይቁ፤ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ከዚያ ሞደሙን ብሪጅ አድርጉት፤ ማለት ሞደሙ መስመሩን ብቻ ያሳልፍ፣ ግንኙነቱን ላፕቶፑ ይያዝ። ኤምቲዩውን (በአንዴ የሚላከውን የመረጃ ጥቅል ትልቁን መጠን) 1492 በሉት፤ አንዳንድ ድረ ገጽ ብቻ አልከፍት ሲል ጥፋቱ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ብሪጅ ካልተፈቀደላችሁም አትጨነቁ። ላፕቶፑን ከሞደሙ ኋላ ሰኩት። ኤስኪውኤሙ እንዲያም ሆኖ ይሠራል።

መዳብና ፋይበር ለመምረጥ ዕድሉ ካላችሁ ሳታወላውሉ ፋይበር። ፍጥነቱ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። የኛን የሐምሌ መብረቅ ታውቁታላችሁ። በስልክ ሽቦው ገብቶ የጎረቤቴን ሞደም አቃጥሎበታል። ፋይበር መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ቢሆንም ነጎድጓዱ ሲቀርብ የመብራቱን ሶኬት ንቀሉ፤ እሱ ሽቦ ነው።

መነካካት የማይወድ ሰው ማይክሮቲክ ይግዛ። ሄክስ የሚባለው አምስት ቀዳዳ አለው፣ ሁሉም ጊጋቢት ናቸው። ደግሞ የድሮው ሞዴሉ ከ8 እስከ 30 ቮልት ስለሚቀበል የሶላር ባትሪ ያለው ሰው በቀጥታ ሊያገናኘው ይችላል። ዋይፋይ ግን የለውም። ኤችኤፒ ላይት የሚባለው ትንሹ በስልክ ቻርጀር ገመድ፣ በፓወር ባንክም ጭምር ይሠራል። ዋይፋዩ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው፤ ለአንድ ክፍል ይሆናል። ሁለቱም የሚስተካከሉት ዊንቦክስ በሚባል ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ ያስፈራል፣ በሳምንቱ ይለመዳል።

ታዲያ ለምን ላፕቶፕ? ዲስክ ስላለው። ያለ ኢንተርኔት በሚያስነብበው ኪዊክስ በሚባል ፕሮግራም ዊኪፔዲያን ጭኜበታለሁ፤ ተማሪዎቹ የትምህርት ቪዲዮአቸውን እሱ ላይ ያስቀምጣሉ። መስመሩ ቢቋረጥም ግቢው ውስጥ ሁሉም ይከፈታል። ማይክሮቲክ ይሄን አያደርግላችሁም። ራስፕቤሪ ፓይ የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተርም ያደርገው ነበር፤ እኛ ዘንድ ዋጋው አይቀመስም፣ ሚሞሪ ካርዱም መብራት ሲቆራረጥ ይሞታል።

ለዋይፋይ የድሮ ቲፒሊንክ ራውተራችሁን አትጣሉት። ዲኤችሲፒውን (ለመሣሪያዎቹ አድራሻ የሚያድለውን ክፍል) አጥፉና ገመዱን ከኋላው ካሉት የላን ቀዳዳዎች በአንዱ ሰኩት፤ ሥራው ዋይፋይ መርጨት ብቻ ይሆናል። ገመዱን ስትገዙ ምላጭ ይዛችሁ ሂዱ። ሽቦውን ፋቁት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ይሰበራል። ቀይ ከሆነ ግዙ። እኔ ያስገባሁት ሰው «ኦሪጅናል ነው» እያለ ነጩን ዘርግቶልኝ በዓመቱ እንደገና ግድግዳ በሳሁ።

ከመርካቶ ወይስ ከዚሁ ከተማ ለሚለው፦ ማይክሮቲክን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ያምጣላችሁ፣ እዚህ ምርጫው ጠባብ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ግን እዚሁ፣ አይናችሁ እያየ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት አስበርታችሁ።

ዴስክቶፑ አሁንም ሳሎን ጥግ ተቀምጧል፤ እናቴ አበባ አስቀምጣበታለች። ለልጅ መለማመጃ የሚፈልግ ካለ በገዛሁበት ባይሆንም እንስማማለን።