በጆሃንስበርግ ያየሁት መለያየት የገንዘብ ነው ወይስ የቆዳ ቀለም?

መንገደኛ ከሀዋሳ፦
ለሥራ ሥልጠና ጆሃንስበርግ ሄጄ ዐሥር ቀን ቆይቼ ተመልሻለሁ። ከአገር ስወጣ የመጀመሪያዬ ስለነበር፣ የተረዳሁት ስህተት ከሆነ በዚያ የኖራችሁ እንድታርሙኝ እጠይቃለሁ። ያረፍነው ሳንድተን በተባለው የንግድ ሰፈር ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው በፈጣኑ ባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ተጉዘን ስንደርስ፣ ከሕንፃዎቹ ከፍታ ይልቅ የገረመኝ የእግረኛ መንገዱ ባዶነት ነበር። ማታ ማታ ከፒያሳ እስከ ፍቅር ሐይቅ በእግሩ እየተንሸራሸረ ላደገ ሰው፣ በየአጥሩ የኤሌክትሪክ ሽቦ የተዘረጋበትና ማንም ከመኪናው የማይወርድበት ጎዳና ያስፈራል። በሦስተኛው ቀን ሾፌራችን አውራ ጎዳናውን አሻግሮ ወደ አሌክሳንድራ ወሰደን። በዚያ የቆርቆሮ ቤቶች እርስ በርስ ተደጋግፈው ቆመዋል፤ ከደጃፋቸው ቀና ላለ ሰው ደግሞ የሳንድተን ፎቆች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። በአሌክሳንድራ አንድም ነጭ አላየሁም። በሳንድተን ምግብ ቤቶች ጥቁሩም ነጩም ይመገባል፤ በር የሚጠብቁትና የሚያጸዱት ግን፣ እኔ እስካየሁት ድረስ፣ ጥቁሮች ብቻ ነበሩ። የአፓርታይድ ሥርዓት ካበቃ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይህ ለምን ሆነ?

ከጄፒ የተመለሰ፦
ወንድሜ፣ ያዩት እውነት ነው። እኔ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች በሚበዙበት የጆሃንስበርግ መሃል ገበያ በጄፒ ጀምሬ በኋላ በሎኬሽን (እንደ አሌክሳንድራ ባለ የጥቁሮች ሰፈር) ውስጥ ሱቅ ከፍቼ በድምሩ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ዛሬ ሀብታም ጥቁሮች በሳንድተን ቤት ገዝተው ይኖራሉ፤ ስለዚህ በሩን የሚከፍተው ገንዘብ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ከሎኬሽን ወጥቶ ያንን ገንዘብ ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ በሱቄ መስኮት በኩል አይቻለሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ግማሽ ዳቦ የምትገዛ አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ፤ በሰው ቤት ሠራተኛ ስለነበረች ሁለት ታክሲ ቀያይራ ሄዳ የሌላ ሰው ልጆች ቁርስ ታበላለች፣ የራሷ ልጆች ግን ብቻቸውን ተነሥተው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 በስደተኞች ላይ የተነሣውና ከ60 በላይ ሰዎች የሞቱበት ጥቃት የጀመረው እርስዎ ባዩት በአሌክሳንድራ ነው። በእኔ እምነት፣ ያ ቁጣ አውራ ጎዳናውን መሻገር ስላልቻለ አጠገቡ ባገኘን በእኛ ላይ ወደቀ።

የከተማ ፕላን መምህር፦
ለጠያቂው “ለምን” የሚመልሰው የመሬት ሕጉ ነው (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አሌክሳንድራ የተቆረቆረው በ1912፣ ማለትም ጥቁሮች በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል መሬት እንዳይገዙ የከለከለው የ1913ቱ አዋጅ ከመውጣቱ በፊት ስለነበር፣ በዚያ ጥቁሮች የመሬት ባለቤት መሆን ችለው ነበር። ለሀብታሞቹ ሰፈር እንዲህ የቀረበውም ከዚያ በኋላ የመጣውን የማፈናቀል ዘመቻ ተቋቁሞ ስለቀረ ነው። ጥቁሮች ይኖሩበት የነበረው የሌላው የጆሃንስበርግ ሰፈር፣ የሶፊያታውን፣ ዕጣ ግን ሌላ ሆነ፤ መንግሥት በ1950 የመኖሪያ ሰፈርን በቆዳ ቀለም የሚከፋፍል ሕግ ካወጣ በኋላ፣ ከ1955 ጀምሮ ነዋሪዎቹን በጭነት መኪና ከከተማው ዳር ወዳለው የጥቁሮች ሰፈር ወደ ሶዌቶ አጋዘ፣ ሰፈሩንም አፍርሶ “ድል” የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጠው። ሕጉ የተሻረው በ1991 ነው። ከ1994 በኋላ የመጣው መንግሥት ለድሆች በርካታ ቤቶችን በነጻ ሠርቷል፤ ሆኖም ርካሽ መሬት የሚገኘው በከተማው ዳርቻ ስለሆነ፣ አብዛኞቹ ቤቶች ሥራ ከሚገኝበት ርቀው ተሠሩ፤ የድሮው ካርታም በዚያው ጸና።

የሐይቅ ዳር ነዋሪ፦
ስለ ባዶው የእግረኛ መንገድ የጻፉት ልቤን ነክቶታል። በእኛም ከተማ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠሩ ልጃገረዶች አንዲት ጠባብ ክፍል ለብዙ ሆነው እንደሚከራዩ እናውቃለን። ሆኖም ማንም በቆዳው ቀለም ምክንያት ከሐይቁ ዳር በሕግ ተከልክሎ ስለማያውቅ፣ ሁለቱን አንድ አድርጎ መናገር የእነዚያን ተፈናቃዮች በደል ማሳነስ ይመስለኛል።

መንገደኛ ከሀዋሳ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለሥራ ባልደረቦቼ ባዘጋጀሁት ጽሑፍ ውስጥ “ድህነት በየትኛውም ከተማ ያለ ነው” የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሰርዤዋለሁ። ከጄፒ የተመለሱት ወንድማችን ፈቃድዎ ከሆነ፣ ያቺ ሴት ከደመወዟ ምን ያህሉን ለታክሲ ትከፍል እንደነበር ቢነግሩኝ እወዳለሁ።