«ዝንቦቹ ደህና ናቸው» ሲባል?

ባዮ መምህር፦ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ «ከሴል የሚወጣ ፕሮቲን ርቆ ሄዶ አካል ይቀርጻል የሚባለው ነገር ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ አብቅቶለታል» ተብሎ ተጻፈ። እንቅልፍ ነሳኝ። እኔ ሰሌዳ ላይ ከምንጩ አጠገብ ደማቅ፣ እየራቀ ሲሄድ የሚደበዝዝ ቀለም እየሳልኩ ነው የማስተምረው። በአንድ ሙከራ ይሄ ሁሉ ይጣል?

የዝንብ ልጅ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለንደን ያለው የዣን ፖል ቨንሰንት ቡድን ዊንግለስ የሚባለውን፣ ከሴል ወጥቶ ለሌሎች ሴሎች መልእክት የሚያደርሰውን የፍራፍሬ ዝንብ ፕሮቲን ሴሉ ሽፋን ላይ አሰረው። ከሚነካው ጎረቤት አያልፍም። ክንፉ ግን በቦታው ወጣ። ዝንቦቹ ደህና ናቸው።

ባዮ መምህር፦ «ደህና»? እድገታቸው ዘግይቷል። ክንፋቸውም ሙሉ መጠኑን አልያዘም። እዚያው ጥናት ላይ አለ።

የዝንብ ልጅ፦ ዘገየ እንጂ መቼ ቀረ?

ኩላሊት ክፍል፦ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውን ጥናት ለምን ዘለላችሁት? የዝንብ ኩላሊት ማልፒጊያን ቱቦ ነው። ዊንግለስ ከሴሉ ተለቆ ካልተሰራጨ የቱቦው የቅርብና የሩቅ ክፍል በወጉ አይለይም። ክንፉን አይታችሁ «ደህና» አላችሁ፤ ሆዱን ማን ከፍቶ አየው?

የዝንብ ልጅ፦ ኩላሊቱን እቀበላለሁ። ክንፉን ግን አለቅም። ክንፍ የሚሆነው ቲሹ ገና ትንሽ ሳለ ሴሎቹ ራሳቸው ዊንግለስ ይሠሩ ነበር። በኋላ ቢያቆሙም የሰሙትን አይረሱም። የሩቅ መልእክተኛ ምን ያደርግላቸዋል?

አዲስ ገቢ፦ ዊንግለስ እኮ ስብ የተለጠፈበት ነው፤ ፖርኩፓይን የሚባለው ኢንዛይም ነው የሚለጥፍበት። ዊንትለስ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ተሸክሞ ሴሉ ጠርዝ ያደርሰዋል። ከዚያ ወዲያ ስብ ውሃ ውስጥ እንዴት ይሄዳል?

ባዮ መምህር፦ ሄጅሆግ የሚባለው ሌላ መልእክተኛ ፕሮቲን ኮሌስትሮል ተለጥፎበትም ይሄዳል።

የዝንብ ልጅ፦ የምናወራው ስለ ዊንግለስ ነው። ሄጅሆግን ማን ጠራው?

አዲስ ገቢ፦ ደግሞስ ራሱ ይሄዳል ወይስ ሴሎቹ በክር ይቀባበሉታል? ሳይቶኒም የሚባሉትን ቀጫጭን የሴል ክሮች እነ ተመራማሪው ኮርንበርግ በ1999 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል።

ባዮ መምህር፦ በክርም ይሁን በውሃ፣ ደረሰ አይደል? እኔ የምለው እሱን ነው።

አዲስ ገቢ፦ ልዩነቱማ ትልቅ ነው! በክር ከሆነ ሴሉ መርጦ ነው የሚልከው። ሰሌዳህ ላይ የሳልከው ቀለም ግን ዝም ብሎ የሚፈስ ነው።

ኩላሊት ክፍል፦ እሱን ሌላ ቀን ተከራከሩበት። «ዝንቦቹ ደህና ናቸው» የሚለው ግን ይነሳ። ተማሪዎች ያነቡታል።

የዝንብ ልጅ፦ «ክንፋቸው ደህና ነው» ብዬ አስተካክላለሁ። ከዚያ ወዲያ ፊደል አልነካም።

ባዮ መምህር፦ ክንፋቸውስ ቢሆን? መጠኑን እንደገና እየው እንጂ!